ልጠይቅዎት መጣሁ

እኔ ተጠያቂ ነኝ። ወንጀል ሠርቼ አይደለም፤ ሥራዬ ነው። መታወቂያዬ ላይ ከደም ዓይነቴ ቀጥሎ «የሥራ መስክ፦ ተጠያቂ» ተብሎ ተጽፏል። ከኮሌጁ የሚላኩ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በቀጠሮ ቤቴ ይመጣሉ፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው ይጠይቁኛል፣ ሲሄዱ ነጥብ እሰጣለሁ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ተማሪ ጠይቆኛል። ሠላሳ ስምንቱ አልፈዋል። ሲወጡ ሁሉንም «አትጥፉ» እላቸዋለሁ፣ ሁሉም «እሺ» ይሉኛል፣ ሁሉም ይጠፋሉ። መጥፋታቸው ቅጹ ላይ ስለማይሞላ ቅሬታ አቅርቤበት አላውቅም።

ጥየቃ ድሮ ሰው ሁሉ ሳይማር የሚያደርገው ነገር ነበር አሉ። ትምህርት የሆነው በ2059 ዓ.ም. ነው። በኮሌጁ ማደሪያ አንድ ክፍል የሚጋሩ ሁለት ልጆች አራት ዓመት ሙሉ ጆሮ ላይ በሚደረገው መነጋገሪያ፣ በጉትቻቸው ብቻ ሲጫወቱ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ኖረው፣ የምረቃ ቀን ጋውን ሊለብሱ ከየአልጋቸው ሲነሡ አንደኛው ሌላውን በድምፁ ለየውና «አንተም ደብረ ብርሃን ነህ እንዴ?» አለው። ከተማው አንድ ክረምት ሙሉ ሳቀባቸው። በመስከረም ኮርሱ ተጀመረ።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት የተማሪዎች ሻይ ቤት አለ። አርባ ያህል ልጆች ይቀመጡበታል፤ አንዱ ጥግ ላይ አንዱ ሲስቅ ሌላው ጥግ ላይ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዳቸው ስለሌላው አያውቁም። አስተናጋጁ የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥቶ ትኩስ ያስቀምጣል፤ እሱም ይቀዘቅዛል። በአምስት ሰዓት ያነሣል፣ በስድስት ሰዓት ያስቀምጣል። ደስተኛ ሰው ነው፤ ማንም አይጨቀጭቀውም።

ለነርስ ተማሪዎች ፈተናው ጠበቅ ይላል። ጥየቃን ሦስት ጊዜ የወደቀ ነርስ በሽተኛ እንዲነካ አይፈቀድለትም። አንዲት ክፍል ይሰጠዋል፣ እዚያ ተቀምጦ በጉትቻው በሩቅ ያክማል፣ ጡረታውም እዚያው ይመጣለታል።

ልጆቹን መውቀስ ብችል ደስ ባለኝ። ግን እኔ ራሴ የ2010 ልጅ ነኝ። ያኔ ነገሩ ጆሮ ላይ ሳይሆን እጅ ላይ ነበር፤ ስልክ እንለው ነበር። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ቀና በይ እስቲ» እንዳለችኝ አረጀች። ቀና ስል ስድሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ስሜ ኤልዳና ነው። በልጅነቴ የዘመናይ ስም ነበር፤ ዛሬ ኤልዳና፣ ሶልያናና ማክቤል ሲባል ሰው የሚታየው ምርኩዝ ነው። የዛሬ ልጆች አሰገደችና ደምሰው ይባላሉ። እንግዳ መቀበልን የተማርኩት በዘጠኝ ቀን ሥልጠና ነው፣ ከመመሪያ መጽሐፍ ጋር። ዕውር ዕውርን ይመራል የሚባለው ይኼ ነው፤ እስካሁን ገደል አልገባንም።

ባለፈው ቅዳሜ የተመደበልኝ ተማሪ እንግዳወርቅ ናሆም ይባላል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ነርስነት ያጠናል፣ በሌላው ትምህርት ሁሉ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ እንግዳነት ላይ ሁለት ጊዜ ወድቋል። የመጀመሪያውን የወደቀው ጥየቃ ማለት ጥያቄ መስሎት ነው። አንዲት መበለት ቤት ገብቶ «ልጠይቅዎት መጣሁ» አለና አርባ ሁለት ጥያቄ ጠየቃቸው፤ የትውልድ ቦታ፣ የጫማ ቁጥር፣ የሚፈሩት እንስሳ። ሠላሳኛው ላይ ሴትዮዋ ጠበቃ ይጠራልኝ አሉ። በሁለተኛው ፈተና፣ ከስህተቱ ተምሮ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተቀምጦ ወጣ። ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ካለፈ መንዝ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ይቀበለዋል። ከወደቀ ያችው ክፍል ትጠብቀዋለች።

ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ በመካከሉ ረጋ ያለ ፋታ እየሰጠ። «ደጆች! ግባ፣ ግባ» አልኩት። ረጅም ልጅ ነው፤ የሰው ቦታ እንዳይሻማ የፈራ ይመስል ትከሻውን ሰብስቦ ይሄዳል። የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፍቼ ጉትቻዬን ከተትኩ፣ እሱም የራሱን ከተተ፣ ክዳኑን ገጠምኩት። ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ እንደሚተው ወላጅ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው።

«ልጠይቅዎት መጣሁ፣ እማማ።»

«ደግ አደረግህ ልጄ። ቁጭ በል።»

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና፣ ተመስገን።»

«ጤናዎ ደህና ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«መጀመሪያውኑ ደህና ነኝ ብለውኛል» አለ ቀስ ብሎ። «መልሱ ካለኝ ለምን እደግመዋለሁ?»

«እኔም አላውቅም። መመሪያው ላይ አለ» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ምስር ወጥ አቀረብኩ፣ ከጎኑ ትንሽ የገብስ ቆሎ።

«ብላ እንጂ ልጄ።»

«አይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።» በቃሉ ያጠናው ነው፤ ሆዱ ግን እስከ ታችኛው ፎቅ ይጮኻል። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

«ትንሽ ቅመስ። በሞቴ።»

ነገር የተበላሸው ይኼኔ ነው። ልጁ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣና የእጄን አንጓ ያዘ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ተክሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መቁጠር ጀመረ። ጉትቻው ቆርቆሮ ውስጥ ስለሆነ በራሱ ጣትና በራሱ ቁጥር ነበር የሚሠራው። እጄ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

«ሰባ ሁለት» አለ በመጨረሻ፣ እፎይ ብሎ። «አይሞቱም እማማ። ማን ነው ይሞታሉ ያለዎት?»

ፈታኝ አይስቅምና ሳቄን ዋጥኩት። ጣቱ ግን ሙቅ ነበር። እጄን ሰው ከያዘው ስንት ጊዜ ሆነ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩና አቃተኝ። ሐዋሳ ያለችው ልጄ በቀን ሦስት ልብ ትልክልኛለች፤ እጅ ግን በጉትቻ አይላክም። «በሞቴ ሲባል ይበላል» ከሚለው ጎን ዜሮ ጻፍኩ። እየከፋኝ ነው የጻፍኩት።

ከምግቡ በኋላ ዝምታ አለ። መመሪያው «አራት ደቂቃ፣ ያለ ምክንያት» ይላል። ለልጆቹ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፤ አንዷ ተማሪ በሦስተኛው ደቂቃ ቆርቆሮውን አቅፋ አልቅሳብኛለች። እንግዳወርቅ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ተነሥቶ በገዛ ራሱ ወደ ጆሮው ጉዞ ጀመረ። መሃል መንገድ ላይ ደረሰበትና መለሰው። እንደገና ሄደ፣ እንደገና መለሰው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የእኔ እጅ ጆሮዬ ላይ ደርሶ ነበር።

ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። እኔ ተከተልኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ቅጹ ላይ ስለ ሳቅ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ዝምታ በመስበር ነጥብ ቀነስኩበት፤ የሰበርነው ግን ሁለታችንም ነበርን።

«ካደረጉት ስንት ዓመት ሆነዎት?» አለኝ።

«ጉትቻውን? ሠላሳ። ከዚያ በፊት ስልክ ነበር። አንተስ?»

«ከአራት ዓመቴ ጀምሮ። ሲያወልቁት ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ቤት ይመስላል አይደል?»

«ይለመዳል።»

«እርስዎ ለመዱት?»

ዋሽቼው ልለፍ አስቤ ነበር። «አልለመድኩትም» አልኩት።

ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሦስተኛ ዓመት ሳለ ለልምምድ ሆስፒታል ገብቶ፣ አንድ አዛውንት በሽተኛ እጅጌውን ያዙት። ምንም አላሉትም፣ ያዙት ብቻ። ምን ማድረግ እንዳለበት ጉትቻውን ጠየቀ። ጉትቻው መልሱን ሲፈልግ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆየ። ሰውዬው ለቀቁት።

«መልሱ ምን ነበር?» አልኩት።

«‹እጃቸውን ያዝ› ነበር። መድረሱን ደረሰ፣ ዘግይቶ ነው እንጂ።» ቆሎውን በመዳፉ አገላበጠው። «መንዝ መሄድ የምፈልገው ለዚያ ነው። እዚያ መስመሩ ደካማ ነው አሉ።»

ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ እንደ ደንቡ ተነሣ። «እንግዲህ ልሂድ።»

«ምን ተቀመጥህና! ተጫወት እንጂ» አልኩ፣ እኔም እንደ ደንቡ። እንግዳ በዚህ ጊዜ «አይ፣ ልሂድ» ብሎ ይከራከራል፣ ባለቤት ይጎትታል፣ በሦስተኛው እንግዳው ያሸንፋል። እንግዳወርቅ ግን «እሺ» አለና ተቀመጠ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነሣ። «ልሂድ።» «ገና ነው፣ ተቀመጥ።» «እሺ።» ተቀመጠ። እንዲህ እያልን አምስት ጊዜ ተነሣ፣ አምስት ጊዜ ተቀመጠ። ደንቡ እኔን «ሂድ» እንድል አይፈቅድልኝም፤ እሱ ደግሞ ተቀመጥ ተብሏል። አሥር ሰዓት የነበረው አሥራ ሁለት ሆነ። ወሬ አለቀ፣ ቆሎ አለቀ፣ ወገቤን ቆረጠኝ። በመጨረሻ የስድስት ዓመት ደንቤን ጥሼ «ልጄ፣ በፈጠረህ፣ ሂድልኝ» አልኩት።

«መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝ ኖሮ» አለ በትህትና።

እስከ ደረጃው ሸኘሁት። የቀረችው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ናት፤ ስምንት ነጥብ ትይዛለች፣ ማንም ስቷት አያውቅም። «በል አትጥፋ እንግዲህ፣ ብቅ በል» አልኩት።

«መቼ?» አለ።

«ምን መቼ?»

«መቼ ልምጣ?»

«በፈለግህ ጊዜ ነዋ» አልኩት፣ እሺ እንዲል በልቤ እየለመንኩ።

«ሰዓቱን ሳላውቅ እሺ ብል ውሸት ይሆንብኛል።» እጅ ነሥቶ ወረደ።

ዜሮ። ድምሩ ሃምሳ አራት መጣ። ማለፊያው ስድሳ ነው።

ነጥቡ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮሌጁ መድረስ አለበት። ቅጹን ሞልቼ ጨርሼ «ላክ» የሚለውን መንካት አቃተኝ። አሳዘነኝ፣ በእውነት አሳዘነኝ። ስድስት ነጥብ ብጨምርለት የሚያውቅብኝ የለም። ግን ለማንም ጨምሬ አላውቅም፤ ነገ ከነገ ወዲያ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ፣ የሚያክመኝ ነርስ በምጽዋት ነጥብ ያለፈ እንዲሆን አልፈልግም። ደግሞ ከአርባ አራቱ ልጆች እጄን የያዘው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱን ሐሳብ ሳመላልስ አመሸሁና ቅጹን ከነዜሮው ዘጋሁት።

እሑድ የራሴ ቀን ነው። ጸጉሬን ሳላበጥር፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጉትቻዬ ውስጥ ገብቼ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ካርታ እጫወት ነበር። ሁላችንም ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተናል። ሃያ ዓመት ስንጫወት በአካል ተያይተን አናውቅም።

«ቤቶች!»

ክው አልኩ። ከቅዳሜ ቀጠሮ ውጭ ይህን ቃል ደጄ ላይ ሰምቼው አላውቅም። ወዲያው የመጣልኝ የቤቶች አስተዳደር ነው፤ በረንዳዬን ያለ ፈቃድ በመስታወት አዘግቻለሁና። ጥየቃን ስፈትን ስድስት ዓመት የኖርኩ ሴት፣ ቤቶች ሲባል መጋረጃ ኋላ ተደበቅሁ።

«ቤቶች!»

ትንሽ ፋታ።

«ቤቶች!»

ያቺን ፋታ አወቅኋት። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና በሩን ከፈትኩ። እንግዳወርቅ በፌስታል ብርቱካን ይዞ ቆሟል።

«ምን ረስተህ ነው?» አልኩት።

«ምንም አልረሳሁም። አትጥፋ ብለውኝ አልነበር? መቼ ስልዎት በፈለግህ ጊዜ አሉኝ። ዛሬ ፈለግሁ።»

«ፈተናው እኮ ትናንት አለቀ።»

«አውቃለሁ። መውደቄንም አውቃለሁ።» ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ከአፌ አመለጠኝ፤ «ምን ልትጠይቀኝ?»

ትንሽ አሰበ። «ምንም» አለ።

ጆሮውን አየሁት፤ ባዶ ነው። ጉትቻውን ማደሪያው ትቶት እንደመጣ፣ ከኮሌጁ እስከ እኔ ደጅ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጆሮውን እንደነካ፣ ሁለት ቦታ ላይ መንገድ እንደሳተ ነገረኝ። ሲጠፋበት ሰው ጠይቆ ነው የመጣው፤ አንዱ ሰው ደንግጦ ሮጠበት። የእኔ ጉትቻ ግን ጆሮዬ ላይ ይንጫጫል፤ ጓደኞቼ «ተራሽ ነው እኮ፣ የት ገባሽ?» ይሉኛል።

«አንድ ደቂቃ» አልኩት ልጁን። ተማሪዎቹ ሁሉ ቆርቆሮውን ስዘረጋላቸው የሚሉኝ ቃል ነው። ጓደኞቼን «እንግዳ መጣብኝ» አልኳቸው።

«ያማል?» አለች አንደኛዋ።

ጉትቻዬን አውልቄ ቆርቆሮው ውስጥ ጣልኩትና ክዳኑን ገጠምኩ። በእሑድ ቀን፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

የሚቀርብ ነገር አልነበረኝም። ያደረ ዳቦ ቆረስኩ፣ ሻይ አፈላሁ።

«ብላ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ።»

እጁ ወደ እጄ ጀመረና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ዳቦውን አነሣ። እኔ ግን እጄን ዘረጋሁለት። «ቁጠር፣ ምን ቸገረህ» አልኩት። ሰባ ስድስት ሆነ። ከትናንቱ አራት ጨምሯል፣ ለምን ይሆን ብሎ ተጨነቀ። ደስ ብሎኝ ነው አልኩት።

ስለ ምን እንደተጫወትን ዛሬ ብጠየቅ አላስታውሰውም። ብርቱካን ስንልጥ ስለ ብርቱካን አወራን። እናቴ «ቀና በይ» ትለኝ እንደነበር ነገርኩት፤ አንገቴን አየልኝና የምሠራውን እንቅስቃሴ አሳየኝ። ሁለት ጊዜ ዝም አልን፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ማናችንም አልቆጠርንም።

«ልሂድ እንግዲህ» ሲል «ተቀመጥ እንጂ» አልኩት። ከልቤ ነበር፤ ተቀመጠ። ሁለተኛ ሲነሣ «ኧረ ተቀመጥ» አልኩት። «አይ እማማ፣ ልሂድ፣ ነገ ሰኞ ነው» አለ። በሦስተኛው አሸነፈኝ። ማንም አላስጠናውም፤ እኔን አይቶ ደከማት ብሎ ይሆናል። እስከ ታች ሸኘሁት። ስለ ነጥቡ እስከ መጨረሻው ደረጃ አልጠየቀኝም።

ተመልሼ ቅጹን ከፈትኩ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «‹አትጥፋ› ሲባል ተማሪው የሰጠው መልስ ይጻፍ።» ከሥሩ የቅዳሜው «መቼ?» አለ፣ ከጎኑ ዜሮ። አርባ ሦስቱ ልጆች «እሺ» ብለው ስምንት ስምንት ነጥባቸውን ወስደው ጠፍተዋል። ዜሮውን ሰርዤ ስምንት አደረግሁት፤ ድምሩ ስድሳ ሁለት ሆነ። ኮሌጁ ለምን ብሎ ቢጠይቅ እኔ ተጠያቂ ነኝ። «መቼ?» የሚለውንም ሰረዝኩና በቦታው አንድ ቀን ዘግይቶ የደረሰውን መልስ ጽፌ ላክሁት።

«መጣ።»